ኑ፣ ለሁሉም ልጅ የሚሆን ዳቦ እንጋግር!

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆቻችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አማርኛ እንዲማሩ የምታመጡ ወላጆች፤ ለቁርሱ እጃችሁን የምትዘረጉ አክስቶችና አጎቶች፤ ልጅ ልትጠይቁ ከአገር ቤት መጥታችሁ ከወጥ ቤት አልወጣ ያላችሁ እናቶች፤ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ከፊደሉ በፊት ቁርስ አለ። ስለዚያ ቁርስ ልንመካከር ይገባል።

በየሳምንቱ የምናቀርበውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ አባት ከመንገድ ዶናት በካርቶን ገዝቶ ይገባል። አንዷ እናት ሌሊት ያቦካችውን ድፎ በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣለች፤ ላዩ ላይ ሰሊጥ ተነስንሶበታል፣ ውስጡ ወተትና ቅቤ ገብቶበታል። ልጆቹ ሲሰለፉ ግን ከቁርሱ ይልቅ ምርመራው ይረዝማል። «አንቺ ጾመኛ ነሽ አይደል?» «ይሄ እንቁላል አለው፣ ተወው።» «ጄላቲን ይኑረው አይኑረው እንጃ፣ እናትህን ጠይቅ።» ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከቤት የተቋጠረለትን ደረቅ የሩዝ ብስኩት ከፕላስቲክ ዕቃ እያወጣ ይቆረጥማል። ድፎው ሲቆረስ ዓይኑ ከቢላዋው አይነቀልም። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ቁራሽ ሊሰጠው እጁን ሲዘረጋ ሦስት አዋቂዎች በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» ብለው ይጮኻሉ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ጓደኛውም ምንም አላጠፋም፤ ማካፈልን ያስተማርነው እኛው ነን።

ወገኖቼ፣ ይህ መለወጥ አለበት። የምጠይቃችሁም አንድ ነገር ነው፦ ከዚህ በኋላ በልጆቻችን ቁርስ ላይ የሚቀርበው ዳቦ በዚያ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ የሚበላው ይሁን። ለዚያ ለአንዱ ልጅ ለብቻው ልዩ ነገር እንሥራለት አላልኩም። የእሱን ዳቦ የሁሉም ዳቦ እናድርገው ነው የምለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለብቻ የሚሠራ ዳቦ ልጁን ጥግ ያስይዘዋል፣ የጋራ ዳቦ ግን ከመሐል ያስቀምጠዋል። ድፎውን ለበዓልና ለቤታችሁ አቆዩት፤ ማንም አይነጥቃችሁም።

«በእኛ ጊዜ አለርጂ የሚባል ነገር የት ነበር?» የሚል ጥያቄ ከትልልቆቹ ዘንድ ይነሣል። ጥያቄው አያስቆጣም፤ ብዙዎቻችን ያደግነው ቃሉን ሳንሰማ ነው። ልጆቻችን ግን የተወለዱትም የሚያድጉትም እዚህ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ባሰባሰበው መረጃ መሠረት ከ100 ልጆች ወደ 6 የሚጠጉት የምግብ አለርጂ አለባቸው፤ በጥቁር ልጆች ዘንድ ደግሞ ቁጥሩ ከ100 ከ7 ይበልጣል። ሠላሳ ልጆች በሚማሩበት ክፍል ሁለት ልጅ ማለት ነው። ሴሊያክ የሚባለው፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ሳቢያ የሚመጣው የአንጀት ሕመም፣ በዓለም ከ100 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል፤ ብዙዎቹም እንዳለባቸው አያውቁም። በዚህ ላይ ጾመኛውን፣ ሃላል ብቻ የሚበላውን፣ ኢንሱሊን የሚወስደውን ልጅ ጨምሩ። «ለአንድ ልጅ ብለን ሁሉንም እናስቸግር?» ስንል የነበረው አንድ ልጅ ሲቆጠር የክፍሉ ሩብ ወይም ግማሽ ሆኖ ይገኛል።

ሁሉን በአንድ ሚዛን ግን አንመዝን። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋው ልጅና የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ይለያያሉ። የፊተኛው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር አይፈጭለትም፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይጮኽበታል፣ ያልፍለታል። የኋለኛው ሰውነቱ የወተቱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል፤ ከንፈሩና ጉሮሮው ሊያብጥ፣ ትንፋሹ ሊያጥር፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። «ቅቤው እኮ ተነጥሯል፣ ወተትነቱ ሄዷል» የሚለው የእናቶቻችን ማረጋገጫ ለፊተኛው ይሠራ ይሆናል። ለኋለኛው አይሠራም፤ ንጥር ቅቤ ውስጥም ጥቂት የወተት ፕሮቲን ይቀራል፣ ጥቂቱ ደግሞ ይበቃል። ሴሊያክ ያለበትን ልጅም «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ» አንበለው። ፍርፋሪ ይጎዳዋል፤ የዚያኑ ቀን ምንም ላይታይበት ይችላል፣ አንጀቱ ግን ይቆስላል።

ጾመኛዋ ልጅ ብትበላ አትታመምም። ነገር ግን ቃሏን ይዛለች፤ በስምንት ዓመቷ የያዘችውን ቃል በዶናት የምንፈትናት እኛ ማን ሆነን ነው? ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ደግሞ እንደ እኩዮቹ ዳቦ ይበላል። እናቱ የምትፈልገው ክልከላ አይደለም፣ ቁጥር ነው፦ በአንዱ ቁራሽ ውስጥ ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት አለ? ኢንሱሊኑ የሚለካው በዚያ ነው። በልክ በልኩ ከተጋገረ ትንሽ ዳቦ ላይ ይህን ልንነግራት እንችላለን። በዓይን ግምት ከተቆረሰ ድፎ ላይ ግን ማንም ሊነግራት አይችልም።

አሁን ደስ ወደሚለው ልምጣ። ለዚህ ሥራ ከእኛ የበለጠ ተዘጋጅቶ የኖረ ማኅበረሰብ አላውቅም። ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል መጋገር እዚህ አገር መጽሐፍ የሚገዛበት፣ ክፍያ የሚከፈልበት ትምህርት ሆኗል። የእኛ እናቶች ግን የዓመቱን ግማሽ ያህል በዚሁ አሳልፈዋል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ 55 ቀን አለ፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፤ በፍልሰታማ ከአዋቂው ሕፃናቱ ይበረታሉ። የቅዳሜ ቁርሳችን ደግሞ በሁዳዴ ጭምር ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ እስከ ሰዓት አይጾምምና። ከጥሉላት መከልከል ግን ቅዳሜም እሑድም አይቀርም። ስለዚህ ጾመኛው ልጅ በሁዳዴ ቅዳሜ ጠዋት ይበላል፤ የሚበላውም የጾም ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንድ የጾም ዳቦ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ቅቤውንም፣ ጾሙንም በአንድ ጊዜ ይመልሳል። የሙስሊም ልጆቻችንን ጥያቄም አብዛኛውን ይመልሳል፤ ጄላቲን የለበት፣ የአሳማ ስብ የለበት። የሚቀረው ቫኒላው ነው። በአሜሪካ ደንብ ቫኒላ ኤክስትራክት ተብሎ የሚሸጠው ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ያለበት ነው፤ ይህን የማይቀበሉ ቤተሰቦች ስላሉ እንተወው። ኮረሪማ እያለ ቫኒላ ማን ፈለገ! በ2018 ዓ.ም. የካቲት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገብተው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱንም ጾመኞች የሚያገናኝ ዳቦ ያለው ማኅበረሰብ ምን ይጎድለዋል? መጾም የጀመሩት ትልልቆቹ የሙስሊም ልጆች ድርሻቸውን በከረጢት ይዘው ይሂዱ፣ ለማፍጠሪያ ይሆናቸዋል።

የጾም ወጥ ቤታችን ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ቅቤው ሲወጣ የሚተካው ብዙ ጊዜ ሰሊጥ ነው፣ ኦቾሎኒ ነው፣ አኩሪ አተር ነው። ሦስቱም ከባድ አለርጂ ከሚያስነሡት ናቸው፤ በልጆቹ ዳቦ ውስጥ አይግቡ። አብሽም ከኦቾሎኒ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዘር ነው፣ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች ያስቸግራል፤ ይቅር። ተልባ ግን ይግባ። ተልባ የዚህ ጥሪ ጀግና ናት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቀጥሎ ስንዴው አለ። እዚህ ላይ ሁላችንም ደረታችንን ነፍተን «ጤፍ አለን!» እንላለን። እውነት ነው፣ ጤፍ ከሴሊያክ ጋር የሚጣላው ግሉተን የለውም፤ ዛሬ አይዳሆ ውስጥ ሳይቀር ስለሚበቅል በዚህ አገር ይገኛል። ግን «ጤፍ ነው» መባሉ አይበቃም። ከሱቅ የምንገዛው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት ነው፤ በየቤቱ ከሚጋገረውም ውስጥ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው የስንዴ ዱቄት የገባበት ስንት አለ። ገብሱ በተለይ ያዘናጋል። የአሜሪካ ሕግ በፓኬት ላይ በግልጽ እንዲነገሩ ያዘዘው ዘጠኝ አለርጂ አምጪዎችን ነው፤ ስንዴ ከዘጠኙ አንዱ ነው፣ ገብስ ግን የለበትም። ስለዚህ ከታች «ስንዴ አለበት» የሚል ማስጠንቀቂያ ባለማየታችሁ አትተማመኑ፤ የተሠራበትን ዝርዝር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ። «ግሉተን ፍሪ» የሚለው ጽሑፍ ካለ ዋጋ አለው፤ በደንቡ መሠረት ግሉተኑ ከሚሊዮን እጅ 20 እጅ በታች መሆን አለበት ማለት ነው። አጃም ቢሆን ይህ ጽሑፍ ከሌለበት አትግዙት፤ ከስንዴ ጋር በአንድ እርሻና በአንድ ወፍጮ ሲቀላቀል የሚውል እህል ነው።

ከዚህም የረቀቀ አለ፤ እርሾ። ንጹሕ የጤፍ ዱቄት ገዝታችሁ፣ በገዛ ቤታችሁ አቡክታችሁ፣ እርሾውን ግን ከጎረቤት ተቀብላችሁ ከሆነ፣ ጎረቤቷም ገብስ የምትቀላቅል ከሆነች፣ ያ ሊጥ ለሴሊያኩ ልጅ አይሆንም። ምጣዱም ያው ነው፤ ትናንት አምባሻ የጋገራችሁበት ምጣድ ዛሬ ቢወለወል ንጹሕ ይመስላል እንጂ ለዚህ ልጅ አልጠራም። ሰፌድና ሞሰብ በስፌታቸው መሐል ፍርፋሪ ይይዛሉ። ወንፊትም ቢታጠብ አይጠራም፣ የእንጨት ማማሰያም እንደዚሁ። የስንዴ ዱቄት ሲነፋ ደግሞ ብናኙ አየር ላይ ቆይቶ ያልተከደነው ሁሉ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ስንዴ የምትነኩ ከሆነ የልጆቹን ዳቦ አስቀድማችሁ ጋግራችሁ ከድኑት።

ይህን ስትሰሙ «ኧረ ይቅርብን!» እንዳትሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ርካሽም ነው። በጋራ ገንዘብ አንድ ጎድጓዳ የብረት ሳህን፣ አንድ ወንፊት፣ አንድ የፕላስቲክ ማማሰያ፣ ባለ 12 ጉድጓድ የማፊን መጋገሪያ ሁለት፣ መስፈሪያ ኩባያና ክዳን ያለው ሳጥን እንግዛ። ሳጥኑ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር እንለጥፍ። ሳጥኑ ከተረኛ ወደ ተረኛ ይዙር፤ ስንዴ የሚባል ነገር አይንካው። አለቀ።

«ከሱቅ ገዝቶ መገላገል አይሻልም ወይ?» ለሚሉ ደግሞ የሰሊጡን ታሪክ ልንገራቸው። ሰሊጥ በዚህ አገር ዘጠነኛው አለርጂ አምጪ ሆኖ እንዲመዘገብ የሚያዝዘው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2021 ተፈረመ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የሰሊጥ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ወላጆች ተደሰቱ። ከዚያ ምን ሆነ? አንዳንድ ትልልቅ ዳቦ ጋጋሪዎች መሣሪያቸውን ከሰሊጥ አጽድቶ ማቆየቱ ቢከብዳቸው ቀድሞ ሰሊጥ ባልነበረበት ዳቦ ውስጥ ሆን ብለው ጥቂት የሰሊጥ ዱቄት ጨመሩና «ሰሊጥ አለበት» ብለው ጻፉበት። ሕጉን አልጣሱም። ልጆቹ ግን ለዓመታት ያለ ሥጋት ሲበሉት የኖሩትን ዳቦ አጡ። ለጋጋሪዎቹ ልጅ ማለት ገበያ ነው፤ ለእኛ ግን የየቅዳሜው ልጅ በስሙ የምንጠራው፣ እናቱን የምናውቃት ልጅ ነው። በዚህ ጉዳይ ከማንም ፋብሪካ የተሻለ ልንጋግርለት እንችላለን፤ ውስጡ የገባውን በእጃችን ስላስገባነው።

እንዴት እንደሚጋገር ይኸውና፣ ለ12 ትንንሽ ዳቦ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በስድስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል፤ ሁለት እንቁላል የሚሠራውን የማያያዝ ሥራ ይሠራላችኋል። ጀግና ያልኳት ለዚህ ነው። ሦስት በደንብ የበሰለ፣ ቆዳው የጠቆረ ሙዝ በሹካ ፍጩ፤ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ሲሶ ኩባያ የሱፍ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ከተልባው ጋር ጨምሩበት። በሌላ ዕቃ ሁለት ኩባያ «ግሉተን ፍሪ» የተባለ የጤፍ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨውና የተፈጨ ኮረሪማ ደባልቁ። ሁለቱን አዋሕዱና ሩብ ሰዓት ያህል ይረፍ፤ የጤፍ ዱቄት ውሃውን እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከተቻኮላችሁ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይሰማል። በ350 ዲግሪ ፋረንሃይት በሞቀ ምድጃ ከ22 እስከ 25 ደቂቃ ይበስላል።

ትኩሱን አትቁረሱት። ውስጡ ያልበሰለ መስሎ ይጣበቃል፤ ጤፍ የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው። እንደ ስንዴ ኬክም አይነፋም። ጠቆር፣ ረጠብ ያለ ዳቦ ነው፤ ልጆች ቸኮላት እየመሰላቸው ያነሡታል፣ ከቀመሱት በኋላም አይመልሱትም። የስኳር ሕመም ላለበት ልጅ የሚሆነውን ቁጥር ለማግኘት በየፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ካርቦሃይድሬት በገባው መጠን አስሉና ሙዙን ጨምራችሁ ለ12 አካፍሉት፤ ውጤቱን በወረቀት ጻፉ። ስኳሩን በማር መተካት የምትወዱ፣ ታናናሽ ወንድምና እኅት ተከትሎ እንደሚመጣ አስቡ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

ለሙዝ አለርጂ ያለበት ልጅ ቢኖርስ? በሙዙ ፋንታ የተፈጨ ፖም ይገባል። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ለሁሉም የሚሆን ዳቦ በደፈናው የለም፤ ለእነዚህ ልጆች፣ በዚህ ክፍል ላሉት የሚሆን ዳቦ ነው ያለው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከዝርዝሩ ነው። ልጅ ሲመዘገብ ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ፦ የማይበላው ምንድን ነው? ቢበላ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ወላጆችን በግልጽ ልንገራችሁ፤ አትደብቁ። የልጅን ሕመም «ሰው ምን ይላል» ብሎ መሸሸግ ከእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ሴሊያክም፣ አለርጂም፣ ስኳርም የሚያሳፍሩ አይደሉም። እኛ ሰሚዎቹ ደግሞ የሰማነውን የቡና ወሬ አናድርገው።

ከዝርዝሩ ቀጥሎ ተራው ነው። ደቦ እናውቃለን፣ እቁብ እናውቃለን። እቁብ ዳኛ እንዳለው ሁሉ ይህም አንድ ዳኛ ይኑረው፤ ዝርዝሩን የሚይዝ፣ ሳጥኑ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ። አርባ ልጅ ቢመጣ አራት ዙር መጋገር ይበቃል፤ ሁለት ቤት ሳጥኑ ባለበት አብረው ቢጋግሩ ሁለት ሁለት ዙር ነው፣ ዓርብ ማታ ከእራት በኋላ የሚያልቅ ሥራ። ሠላሳ ቤተሰብ ካለን የአንዱ ተራ ከወራት በኋላ ነው የሚመለሰው። ጊዜ የለኝም የምትሉ፣ ኑሮው እንደሚያሯሩጠን አውቃለሁ፤ ሁለት ሥራ የሚሠራም አለ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳም አለ። ቢሆንም ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። በዓመት ጥቂት ዓርብ ማታ ነው።

አባቶችም ተራ ያዙ። «እኔ እንቁላል ከመጥበስ ውጭ አላውቅም» የሚለው ቀልድ እዚህ አይሠራም፣ እንቁላል የለበትማ! መስፈሪያ ኩባያ የሚያነብ ሰው ሁሉ ይህን ዳቦ ይጋግራል። ልጆቹም ይጋግሩ፤ አሠራሩን በአማርኛ በትልልቅ ፊደል እንጻፍላቸውና ተልባ፣ ጤፍ፣ ኮረሪማ እያሉ እያነበቡ ይስፈሩ። በዓመት መጨረሻ የሚያነቡት ቃል ምን ያህል እንደሚጨምር ታያላችሁ። ከአገር ቤት የመጣችሁ እናቶች፣ የእናንተ እጅ ያስፈልገናል፤ እንደ እናንተ የሊጥን ውፍረት በዓይን የሚያውቅ ሰው የትም አይገኝም። ሳጥኑን ብቻ ጠብቁልን፤ «ትንሽ ፍርኖ ዱቄት ቢገባበት ይነፋ ነበር» ብላችሁ እንዳታስገቡብን አደራ።

ተረኛው ዳቦውን ሲያመጣ የገባበትን ሁሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ ያምጣ፣ የፓኬቶቹንም ፎቶ ይያዝ። አንድ ነገር ተቀይሮ ከሆነ፣ ዘይቱ እንኳ ቢሆን፣ ይናገር። ይህ ሁሉ ሆኖ የአለርጂው ልጅ እናት «ዛሬ ይቅርብን» ካለች አንቀየማት። የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው፤ ሌሊት ሆስፒታል የምትቀመጠው እሷ ናትና።

ጉርሻውስ? ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ፍቅር ነው። ነገር ግን የማናውቀውን ልጅ «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ እንተው። መጀመሪያ ወላጁን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ልጁም «አይሆንልኝም» ሲል እንደ ባለጌ አንቁጠረው፣ እናድንቀው እንጂ። ከቁርስ በፊትና በኋላ እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። የእጅ ማጽጃ ጄል ጀርም ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒን ፕሮቲን ከእጅ አያስለቅቅም። ኤፒፔን የሚባለውን የአለርጂ መርፌ የሚይዙ ልጆች ካሉ በእያንዳንዱ ቅዳሜ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች አጠቃቀሙን የሚያውቁ ይሁኑ፤ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ፊት ሲያብጥ «ቆይ እስቲ ውሃ ስጡት» አይባልም፤ መርፌው ወዲያው ይወጋል፣ 911 ይደወላል።

በመጪው ቅዳሜ በር ላይ ሁለት ወረቀት ይለጠፋል። በአንደኛው ላይ ልጃችሁ የማይበላውን ጻፉ፤ ሁሉን የሚበላ ከሆነም «ሁሉን ይበላል» ብላችሁ ጻፉ፣ ባዶ አትተዉት። በሁለተኛው ላይ የምትጋግሩበትን ቀን ምረጡ። መጋገሪያ የሌላችሁ ለሳጥኑ መግዣ አዋጡ፣ ወይም ጠረጴዛ ለመጥረግ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ ወስጃለሁ። ከእኔ ጋር ሁለት ዙር የሚጋግር አንድ ቤት እፈልጋለሁ፤ ማን ልበል?